የመላሿ ስም

ጥቅምት 8 ቀን 1975

ሰኞ። የተባለው ሰርኩላር ቤተ መጻሕፍታችን ደረሰ። ኃላፊዬ አቶ አስናቀ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡልን። «አነበቡልን» ስል እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ሌላዋ ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። ካሁን በኋላ መምህርም ሆነ ተማሪ ከሌላ ኮሌጅ መጽሐፍ ሲፈልግ በዲኑ በኩል ደብዳቤ ማጻፍ ቀረ። ቅጹን ራሱ ሞልቶ ይፈርማል። እኛ ማኅተም አድርገን መጽሐፉ ወዳለበት ቤተ መጻሕፍት በቀጥታ በፖስታ እንልካለን። መጽሐፉ ሲመጣ የውሰት ካርዱም አብሮ ይመጣል፤ ተዋሹ እዚሁ ይፈርምበትና ካርዱን በሚቀጥለው ፖስታ እንመልሳለን።

«ፀሐይወርቅ፣ ይኼ ሥራ ያንቺ ነው» አሉኝ። «እጅ ጽሑፍሽ ይነበባል።»

እሺ አልሁ። ምሳ ብቻዬን በላሁ። ከሥራ በኋላ ጣና ሐይቅ ዳር ትንሽ ተራምጄ ነፋሱ ሲበረታ ተመለስሁ። ሌላ ነገር የለም።

ጥቅምት 14

እሑድ። ልብስ አጠብሁ። አከራዬ እትዬ ፅጌ ማርያም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩ ላይ ብቅ አሉና «ምነው አንቺ ልጅ፣ ሰው አይመጣብሽም?» አሉኝ። ሣቅሁ።

እዚህ ፔዳ፣ ኮሌጃችን አጠገብ ስኖር ሰባት ዓመቴ። ሰላምታ የምሰጠው ሰው ብዙ ነው። ከሰላምታው በኋላ ግን ስለ ቤተሰብ ይጠየቃል፤ ስንት ወንድም ስንት እኅት አለሽ ይባላል... እዚያ ላይ ዝም እላለሁ። ወንድሜ ክንዱ የት ነው? አላውቅም። የመጨረሻዋ ደብዳቤው ከአዲስ አበባ የመጣችው በጥቅምት 70 ነበር። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። አምስት ዓመት ሆነው ይኸው። ሞተም አልተባለ፣ አለም አልተባለ። እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይወራል? የሚሰማውም ሰው ይፈራል።

ጥቅምት 27

ሦስት ቅጽ ላክሁ። አንዱ የመምህር አዘዘ ነው። ሐይቁን በጀልባ እየዞረ ጥልቀቱን በገመድ የሚለካው ረጅሙ ሰውዬ። ስለ ሐይቆች የሚያትት መጽሐፍ አዲስ አበባ እንዳለ ሰምቷል። «በድሮው አሠራር ቢሆን መጽሐፉ ሲደርስ እኔ ጡረታ እወጣ ነበር» አለ።

ኅዳር 14

በሥርዓት ልጻፈው።

ጠዋት የአዲስ አበባው ጥቅል ገባ። ከፈትሁት። የመምህር አዘዘ መጽሐፍ አለ፤ ወፍራም፣ አረንጓዴ ሽፋን። በጀርባው ከተለጠፈችው ኪስ ካርዱን አወጣሁ። ስንት ሰው እንደተዋሰው ለማየት ብቻ... አንድ ሰው ብቻ ነው የተዋሰው።

ክንዱ አምባቸው።

ፊርማው የራሱ ነው። የ«ክ»ን እግር አለቅጥ ያስረዝማታል። ልጆች ሆነን አገራችን አንበሳሜ እያለን በራችን ላይ በከሰል እንዲሁ ይጽፋት ነበር።

የወጣበት ቀን፦ ኅዳር 19 ቀን 1970። የተመለሰበት፦ ጥር 16 ቀን 1970። መላሽ፦ ሰገነት መርስዔ ኀዘን።

ኅዳር 19! ያኔ እኔም እሱን ልፈልግ ሄጄ አዲስ አበባ ነበርሁ። ስንቅ ቋጥሬ በየእስር ቤቱ ደጅ እየተሰለፍሁ «በዝርዝሩ ውስጥ የለም» እየተባልሁ ነበር። ማደሪያው ሄጄ «ከመስከረም ወዲህ አላየነውም» አሉኝ። እሱ ያን ቀን መጽሐፍ ተውሷል። በእግሩ ሄዶ፣ ስሙን ጽፎ። እዚያው ከተማ ውስጥ። ምናልባት እኔ በቆምሁበት መንገድ አልፏል።

ለማን ልንገር?

ኅዳር 15

ሥራ አልሠራሁም። አቶ አስናቀ «አሞሻል እንዴ?» አሉኝ። ራስ ምታት ነው አልሁ።

መጽሐፉ የተመለሰው ጥር 16 ከሆነ እስከዚያ ነበረ ማለት ነው? ታዲያ ለምን ራሱ አልመለሰም? ታሞ? ተይዞ? ወጥቶ... ወደ ሱዳን? በመተማ በኩል የወጡ ልጆች አሉ ይባላል። ሰገነት ማናት?

ለእማዬ መንገር የለብኝም። ገና ነው።

ኅዳር 17

ዛሬ ፖስታ ይወጣል። ካርዱ መመለስ አለበት።

መምህር አዘዘ ሊፈርም መጣ። ከክንዱ ስም ሥር። ብዕሩን ሲያነሣ እጁን ልይዘው ምንም አልቀረኝም። «በዚህ ሁሉ ዓመት ይህን መጽሐፍ የፈለገው አንድ ሰው ነው» አለ ካርዱን እያየ። «ማን ይሆን?»

«ያገሬ ልጅ ነው» አልሁት። አመለጠኝ። ቀና ብሎ አየኝ፤ አልጠየቀም። ፈርሞ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ወጣ።

ካርዱን ላስቀረው አስቤ ነበር። ጠፋ ብል ማን ይፈልገዋል? ግን ከጠፋ የሴቲቱም ስም ከሰነዱ ይጠፋል። ሁሉንም በወረቀት ገለበጥሁ፤ ቀኖቹን፣ ስሞቹን፣ የፊርማውን ቅርጽ ሳይቀር። ከዚያ ፖስታው ውስጥ ከተትሁት። ላሽገው ስል እንደገና አውጥቼ አየሁት። ሁለት ጊዜ።

ኅዳር 20

ወደ አዲስ አበባ በምንልከው አዲሱ ቅጽ ግርጌ «ማስታወሻ» የሚል ሦስት መሥመር አለ። ማንም አይጽፍበትም። እኔ ጻፍሁ፦ «ቀደም ሲል የላካችሁልን የሐይቆች መጽሐፍ የ1970 መላሽ አድራሻ ለመዝገብ ማስተካከያ ስለሚያስፈልግ ቢገለጽልን።» ውሸት ነው። ከሥሩ ፈረምሁ፤ ፀሐይወርቅ አምባቸው።

በዚያ በኩል ጥቅሉን የሚልከው አቶ አስማማው የሚባል ሰው ነው። ስሙን እንጂ እሱን አላውቀውም። ቢጠረጥር? ለሆነ ቢሮ ቢያሳይ? አቶ አስናቀ ቅጹን ሳያነቡ ማኅተም መቱበት። እሳቸውንም ጉድጓድ ውስጥ እየከተትኋቸው ይሆን?

ታኅሣሥ 6

ጥቅል መጣ። ከቅጹ ጀርባ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሑፍ፦

«ሰገነት መርስዔ ኀዘን። የመድኃኒት ቅመማ ተማሪ ነበረች። በ73 ተመርቃለች። ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት፣ መድኃኒት ክፍል እንደምትሠራ የሚያውቋት ነግረውኛል። ለመዝገብ የጠየቁኝ አይመስለኝም፤ ያባታችሁን ስም አይቻለሁ። ጽሑፉን በላጲስ ያጥፉት። እግዚአብሔር ይርዳዎ። አስማማው።»

በላጲስ አጠፋሁት። ከዚያ መጻሕፍት ማከማቻው ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ደብረ ማርቆስ! ጠዋት አውቶቡስ ብሳፈር ከሰዓት የምደርስበት አገር።

ታኅሣሥ 8

ለሰገነት ጻፍሁ። በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት፣ በማኅተም። «በ1970 ስለመለሱት መጽሐፍ ማብራሪያ እንዲሰጡን።» በራሴ ስም ለመጻፍ ልብ አጣሁ። ፈሪ ነኝ።

ታኅሣሥ 22

መልስ መጣ። ሁለት መሥመር።

«መጽሐፉን መልሻለሁ። ሌላ የማውቀው የለም።»

ፊደሎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? በዚህ ዘመን ማኅተም ያለበት ወረቀት ልኬ አንዲት ሴት ማስደንገጤ! እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ቢመጣልኝ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣለሁ?

ታኅሣሥ 30

አንበሳሜ። ገናን ከእማዬ ጋር ዋልሁ። ቀጥናለች። ግን ያው ናት፤ ጥቁር አትለብስም፣ ሰው ፊት አታለቅስም። ጎረቤቷ እናትዓለም ስትሸኘኝ ነገረችኝ። የእማዬ የነፍስ አባት አባ ተክለ ጊዮርጊስ ባለፈው ወር መጥተው «ወለተ ጊዮርጊስ፣ አምስት ዓመት ሞላው እኮ። ፍትሐት እናድርግለት፤ ነፍሱ ትረፍ» ቢሏት ብድግ ብላ በሩን ከፈተችላቸው አሉ። «ላልሞተ ልጄ? ይውጡልኝ አባቴ!» ብላ አባረረቻቸው። የነፍስ አባቷን! ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አልገባችም፤ ከውጭ ተሳልማ ትመለሳለች።

ካርዱን ብነግራት? «ኅዳር 19 በሕይወት ነበረ» ብላት? ለሌላ አምስት ዓመት ትጠብቃለች። አልነገርኋትም። ስለ መጽሐፍ ሥራዬ ስትጠይቀኝ ብቻ «ከሩቅ አገር መጽሐፍ ይመጣልናል፤ ሰው በስሙ ይጠይቃል፣ ይላክለታል» አልኋት።

«በስሙ ከጠየቀ ይላክለታል?» አለች። «እኔም እኮ ስጠይቅ ነው የኖርሁት።»

ጥር 4

እንደገና ለሰገነት ጻፍሁ። በራሴ ወረቀት።

«ይቅርታ። መሥሪያ ቤት አይደለሁም። የክንዱ እኅት ነኝ። እናታችን በሕይወት አለች። አልፈርድብሽም፣ ለማንም አልናገርብሽም። የምታውቂውን ብቻ ንገሪኝ። ክፉም ቢሆን።»

«ክፉም ቢሆን» የምትለዋን ሁለት ጊዜ ሰርዤ መልሼ ጻፍኋት።

ጥር 9

ምንም የለም። ከምሥራቅ፣ ከእርሻው ኮሌጅ፣ ስለ ንብ እርባታ ሁለት መጽሐፍ መጣ። ካርድ ስደረድር ዋልሁ።

ጥር 23

መልስ የለም። ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ ነበር፤ አንዱ እያነበበ ሁላችንም አጨበጨብን። ስንወጣ አቶ አስናቀ «ሰሞኑን ፖስታ ሲመጣ ከኔ ቀድመሽ ትሮጫለሽ» አሉኝ። «ሥራው ነው» አልሁ። ቆም ብለው አዩኝ፤ የሆነ ነገር ሊሉ ፈልገው ተዉት። ሰባት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ሠርተናል። ስለ እሳቸው የማውቀው ሻይ ያለ ስኳር እንደሚጠጡ ነው።

ጥር 30

ከእንግዲህ አትጽፍም። ተስፋ ቆረጥሁ። ልክ ናት፤ እኔ ብሆንም አልጽፍም።

የካቲት 4

መጣች።

ዓርብ ነው። ልንዘጋ ስንል አንዲት ቀጭን ሴት ትንሽ ሻንጣ ይዛ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ቅጽ የምትፈልግ መስሎኝ ሳላያት ዘርግቼ ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም።

«ፀሐይወርቅ?»

«አቤት።»

«አፍንጫችሁ አንድ ነው» አለችኝ።

ተነሣሁ። መልሼ ተቀመጥሁ። በደብዳቤ መጻፍ ስለማትችል ፈቃድ ጠይቃ እንደመጣች ነገረችኝ። ቤት ወሰድኋት። እትዬ ፅጌ ማርያም «እሰይ፣ ሰው መጣብሽ!» ብለው እንግዳ ተቀበሉ። ስለ ክንዱ ግን አላነሣንም። ሁለታችንም ፈራን። ነገ፣ አለችኝ። ከቤት ውጭ፣ ሰው በሌለበት።

የካቲት 5

ደንገሉ ያለበት የሐይቁ ዳር፣ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጠን ነገረችኝ። እንዳለችው ልጻፈው።

ያኔ ከአክስቷ ጋር ትኖር ነበር። ክንዱ ይፈለግ ስለነበር ማደሪያ አልነበረውም፤ አስጠጉት። ቀን ቀን ቤተ መጻሕፍት ይውል ነበር። «ኧረ ትያዛለህ ስለው ይስቅብኛል። የሚፈልጉኝ ሰዎች መጽሐፍ ቤት አይገቡም ይለኝ ነበር። በገዛ ስሙ መጽሐፍ ሲያወጣ ግን አበደ ብዬ ተጣላሁት። ስለ ጣና አነብ ብሎ ነው፤ ናፍቆት ነበር። ማታ ማታ ለኔና ለአክስቴ ያወራልናል፤ ያን ያህል ሰፍቶ ጥልቀት የለውም፣ እንደ ሣህን ዝርግ ነው እያለ።»

«ከዚያስ?»

«ጥር 9 ጠዋት መጽሐፉን ሰጠኝ። ቀኑ አልፏል፣ መልሽልኝ፤ ሌላ ሰው ይፈልገው ይሆናል አለኝ። ወጣ። አልተመለሰም። በማግሥቱ ከተራ ነው። ታቦት ልናጅብ ወጣን... መንገድ ዳር ነበሩ። አምስት ናቸው። እሱ ሁለተኛው ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሸሚዙን ያጠብኩለት እኔ ነኝ።»

አንድ ታንኳ አለፈ፤ ቀዛፊው እጁን አነሣልን፣ እኛም አነሣንለት።

«አለቀስሽ?» አልኋት።

«ማልቀስ ክልክል ነበር እኮ። ሰው ሁሉ እልል ሲል አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው እልልታ አልነበረም። አክስቴ አፌን በነጠላዋ ያዘችኝ።»

መጽሐፉን ሳምንት ይዛው ቆየች። ከዚያ ወስዳ መለሰችው። «መላሽ የሚለው ቦታ ላይ የሱን ስም ልጽፍ ነበር። ግን እሱ አልመለሰማ! የኔን ጻፍኩ። አንድ ቀን የሚፈልገኝ ሰው ያገኘኛል ብዬ እንዳይመስልሽ። ደንግጬ ነው። ሌላ ስም አልመጣልኝም።» እኛን ለምን አልፈለገችንም? አንበሳሜ የሚለውን ብቻ ታውቅ ነበር። ደብዳቤ ብትልክ የምታስይዘን መሰላት። «ከዚያ ዓመት አለፈ። ካለፈ በኋላ ደግሞ በምን አፌ?»

ቤት ስገባ ይህን ደብተር ገልጬ የዘንድሮውን ጥር 9 አየሁት። ምንም የለም ይላል። ንብ ይላል። ሙት ዓመቱ ነበር።

የካቲት 10

አንበሳሜ። እሑድ ከሰገነት ጋር እስከ ሐሙሲት በአውቶቡስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና መጣን። እማዬ እንዳታየን እናትዓለም ቤት ገባን። አባ ተክለ ጊዮርጊስ ተጠሩ። ዘመድ ተነገረው።

ሰኞ ንጋት ላይ ሁላችንም ሄድን፤ መርዶ የሚነገረው እንዲያ ነው። እማዬ ውሃ ልትቀዳ እንስራዋን አንሥታ በር ላይ ነበረች። ያን ሁሉ ሰው፣ ካህኑን፣ ከኋላ እኔን አየች። እንስራውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ማንም አፉን ሳይከፍት «በቃ?» አለች።

«በቃ እማዬ» አልሁ።

የጮኸችው ጩኸት... አልጽፈውም። አምስት ዓመት ሙሉ የያዘችው ነው። እኔም ጮህሁ። ሰገነትም። እሷን የከለከላት ሰው አልነበረም። ከአገሩ ሰው ሁሉ በላይ እሷ አለቀሰች፤ ሴቶቹ «ይቺ ማናት?» ይሉ ነበር።

ማክሰኞ ፍትሐት ተደረገለት። እማዬ ቅጥሩ ውስጥ ገባች። የአባ ተክለ ጊዮርጊስን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል ቀድመው አነሷት።

ትናንት ደግሞ ሰዉ ሲቀንስ እማዬ ሰገነትን አጠገቧ አስቀመጠቻት። እንዴት እንደሞተ፣ ማን እንደገደለው አልጠየቀቻትም። እጇን ይዛ «የዚያን ጠዋት በልቶ ነበር?» አለቻት።

«በልቶ ነበር እማማ» አለች ሰገነት። «ዳቦ በሻይ። ሁለት ዳቦ በላ። ሦስተኛውን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት።»

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አለች እማዬ። «እግዜር ይስጥሽ። ሆዱ ባዶ እንዳይሆን ነበር የምሰጋው።»

የካቲት 12

ሰገነትን አሳፈርኋት። አውቶቡሱን ስንጠብቅ ጠየቅኋት። «ዳቦው እውነት ነው?»

መንገዱን ታይ ነበር። «ሻይ ብቻ ነው የጠጣው» አለች። «ቸኮለ።»

ሻንጣዋን አቀበልኋት። ለፋሲካ ወደ እማዬ ልትመጣ ቃል ገብታለች፤ እናቷን በልጅነቷ ነው ያጣቻት።

የካቲት 15

ጥቁር ለብሼ ሥራ ገባሁ።

አቶ አስናቀ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ምነው? ማን ሞተብሽ?»

«ወንድሜ።»

«እኔን! መቼ?»

«በሰባ» አልሁ። በጥር ዘጠኝ፣ አዲስ አበባ። ክንዱ ይባላል። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

በሩን አዩ። ተነሡ። ዘጉት። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። ወንበራቸውን ጎትተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና፣ ትናንት እንደሞተ ሁሉ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ። ነፍሱን ይማርልሽ» አሉኝ። ለረጅም ጊዜ አልተነሡም። አንድ ተማሪ በሩን ቢያንኳኳ «ቆይ!» ብለው መለሱት።

ከሥራ በኋላ ቤቴ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ባለቤታቸው፣ መምህር አዘዘ፣ የዲኑ ጸሐፊ። እትዬ ፅጌ ማርያም ወንበርና ብርጭቆ ከቤታቸው አወጡ። መምህር አዘዘ «ያ ያገርሽ ልጅ...» ብሎ ሲጀምር ራሴን ነቀነቅሁለት፤ ሲሄድ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ።

አቶ አስናቀ በመጨረሻ ወጡ። ባለቤታቸው ወደ መንገዱ ራቅ እስኪሉ ጠብቀው በሩ ላይ ዞሩ።

«የኛ ደግሞ ወልደ ሐዋርያት ይባላል» አሉኝ በቀስታ። «የሚስቴ ታናሽ ወንድም። እቤት ስሙን አንጠራም።»

«ነፍስ ይማር» አልኋቸው።

«አሜን» አሉ። ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ።

ስድስት ብርጭቆ አጠብሁ።